አማካሪ አሠራሩን ይደብቅ ወይስ ያሳይ?

በዚህ ጉዳይ ላይ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የክፍል ትምህርት ሳይሆን የእናቴ ኮታ ነው። እናቴ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ስሙን በማልጠቅሰው የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሸሚዝ ኪስ ትሰፋለች። አንድ አማካሪ መጥቶ ሰዓት ይዞ ለካና «በሰዓት 80 ኪስ» ብሎ ሄደ። ቆይቶ ጨርቁ ተቀይሮ ወፍራም ሆነ፤ ኮታው ግን 80 እንደሆነ ቀረ። ሱፐርቫይዘሩ ሲጠየቅ «ስሌቱ የአማካሪው ነው፣ ፋይሉ በፓስወርድ ተቆልፏል» አለ። 80 ያልሞላ ደግሞ ቦነስ የለውም። እማዬ «ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው የለም እንዴ?» ስትለኝ፣ የማኔጅመንት ተማሪ ሆኜ ዝም ማለቱ አሳፈረኝ።

ለመሆኑ የተቆለፈው ምንድነው? የሥራ ጊዜ ጥናት የሚባለው ነው። ሠራተኛዋ አንዱን ሥራ ስትሠራ ደጋግሞ ይለካና አማካዩ ይወሰዳል። ቀጥሎ ከመደበኛ ሠራተኛ ፈጠነች ወይስ ዘገየች ተብሎ በመቶኛ ትመዘናለች። በመጨረሻም ለድካም፣ ለውሃ መጠጫና ለመሳሰለው ትርፍ ጊዜ ይታከላል። በቃ፣ ይኸው ነው! በማንኛውም የኢንዱስትሪ ምሕንድስና መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ቢሆን ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም። የአማካሪውን ሪፖርት አባዝቶ መሸጥ ያስጠይቃል፤ ዘዴው ግን በቅጂ መብት የማንም አይደለም።

አማካሪዎቹም ቅሬታ አላቸው፣ እውነት ለመናገር። አንድ የማውቀው አማካሪ ለጨረታ ዝርዝር የቴክኒክ ሰነድ አስገብቶ፣ ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ በእሱ ዘዴ ሲሠራበት አይቷል። ከዚያ ወዲህ ውል ሳይፈርም አፉን አይከፍትም፤ አልፈርድበትም። የደንበኛን የሒሳብ መረጃ መደበቅ ደግሞ ግዴታ ነው። እኔ የምከራከረው ገንዘብ ተከፍሎበት፣ የሰው እንጀራ የሚወስን ስሌት ሲቆለፍ ነው።

በዚህ ረገድ የካይዘን ታሪክ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካዊው ኤድዋርድስ ዴሚንግ ጃፓን ሄዶ ስለ ጥራት ቁጥጥር አስተማረ። የትምህርቱ ጽሑፍ ታትሞ ሲሸጥ የራሱን ድርሻ ለጃፓን ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ማኅበር ለገሰ፤ በእሱም በ1951 የዴሚንግ ሽልማት ተቋቋመ። ዕውቀቱን ስለሰጠ ሥራ አጣ? ኧረ የለም! በ1993 እስከሞተበት ዓመት ድረስ ሴሚናር ይሰጥ ነበር። በእኛም አገር በ2002 እና 2003 ዓ.ም. የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ ባለሙያዎች ለሙከራ በተመረጡ 30 ድርጅቶች ካይዘንን ሲያስጀምሩ ኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ከጎናቸው ሆነው ሥራውን ተማሩ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የጃፓንኛዎቹ አምስት ቃላት «አምስቱ ማዎች» ተብለው ወደ አማርኛ ገቡ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እማዬ እንኳ በቃሏ ትቆጥራቸዋለች። ይህንን ማን በፓስወርድ ቆልፎባት ይሄዳል?

ወደ ኮታው ልመለስ። ተፈቅዶልኝ ወፍራሙን ጨርቅ ስትሰፋ በሞባይሌ 10 ጊዜ ለካሁ፤ አማካዩ 48 ሰከንድ ሆነ። ፍጥነቷን መመዘኑ ላይ ግን ተቸገርኩ። ብዙ ሠራተኛ ያላየ ዓይን «ይህቺ ፈጣን ናት» ብሎ እንዴት ይፈርዳል? የአማካሪው ዋጋ እዚህ ላይ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው፤ ቀመሩን ቢሰጠኝም ዓይኑን ልወስድበት አልችልም። ለእናቱ አዳላ እንዳልባል 100 በመቶ ሰጠኋት። ለድካምና ለመሳሰለው 15 በመቶ ስጨምርበት 55.2 ሰከንድ መጣ። በሰዓት ያሉትን 3,600 ሰከንዶች ለዚህ ሳካፍል 65 ኪስ ወጣ፤ 80 አይደለም።

ስሌቱን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ፣ ማንም እንዲከታተለው አድርጌ ጻፍኩት። ሱፐርቫይዘሩ ሁለት ጊዜ አነበበውና «ይኼ ብቻ ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተና «እናየዋለን» አለን። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ እያዩት ነው።