ሞተሪኖው ከመፈታቱ በፊት

ቁልፍ ዞሮ መኪና አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሪኖው ነው። መኪናው ጋራዥ ይገባል፣ ሞተሪኖው ይፈታል፣ ሌላ ይገዛል። ጥፋቱ ግን የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ገመድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

መኪና በማኖቬላ እየተዞረ በሚነሳበት ዘመን ማኖቬላው ተመልሶ ሲመታ የብዙ ሰው እጅ ይሰበር ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ ማለትም ሞተሪኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ ተገጠመ። የፈጠራው ምስጢር ትንሽ ሞተር ለአጭር ጊዜ ከአቅሙ በላይ ሊሠራ መቻሉ ነው። ዛሬም ሞተሪኖ የተሠራው ለሰከንዶች ሥራ ነው፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ሳያቋርጡ ማስነሳት ውስጡን ሊያቃጥል ይችላል።

ምርመራው በጆሮ ይጀምራል። ቁልፉ ሲዞር ቶሎ ቶሎ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማ በአብዛኛው የደከመው ባትሪው ነው፤ ወይም ማያያዣው ዝጓል። አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ጥርጣሬው ወደ ሶሌኖይዱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖው ወደሚያስገባው ማብሪያ፣ ይዞራል፤ በውስጡ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ተበልተው ኤሌክትሪኩን አያሳልፉ ይሆናል። ሞተሪኖው እየጮኸ ዋናው ሞተር ካልዞረ ጥርሱን የሚያስይዘው ክፍል ይንሸራተታል። ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ደግሞ የሞተሪኖው ወይም የዋናው ሞተር ፍላይዊል ጥርስ መበላቱን ያሳያል።

ጆሮ የጠረጠረውን ቴስተር ያረጋግጣል። ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ መጀመሪያ ባትሪው ይፈተሽ። ባትሪው ደህና ከሆነ የገመዶቹ ተራ ነው። ቴስተሩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሪኖው ዋና ገመድ መግቢያ ይደረጋል፤ መኪናው ሲነሳ የሚነበበው ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየባከነ ነው፤ መፍትሔውም ማጽዳት፣ ማጥበቅ ወይም ገመድ መቀየር ነው። በኔጋቲቩ በኩልም እንዲሁ ይለካል።

ይህን ሁሉ አልፎ ጥፋቱ ሞተሪኖው ላይ ከቀረ መፍታት ግድ ይሆናል። ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ገመድ በአብዛኛው መኪና ላይ ፊውዝ የለውም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የባትሪው ኔጋቲቭ መነቀል አለበት። ጠረጴዛ ላይ የሚታዩት ካርቦኖቹ፣ እነሱ የሚያርፉበት የመዳብ ቀለበትና ቡሽኖቹ ናቸው። ካርቦን በሥራ ብዛት ያልቃል፤ ቀለበቱ ይጠቁራል ወይም ይቦረቦራል። በቀለበቱና በብረት ዘንጉ መካከል ቴስተሩ ግንኙነት ካሳየ የሽቦ ጥቅልሉ ከዘንጉ ጋር ተገናኝቶ ተበላሽቷል ማለት ነው። ያለቀው ካርቦን ወይም የሶሌኖይዱ መገናኛ ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ያንኑ ቀይሮ ሞተሪኖውን ማዳን ይቻላል።

ባለመኪናዎች፣ ሞተሪኖ ይቀየር ስትባሉ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መካኒኩ መኪናውን እያስነሳ የባትሪውንና የገመዶቹን ቮልት ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።