የጎማ ጀልባን በዊንች ወደ ተሳቢ ማውጣት፦ ከጉልበት በፊት ስሌት



የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ ከፍታው ከዝናቡ ጋር ይዋዥቃል፤ ዳርቻውም ይሸሻል፣ ይጠጋል። ዘንድሮ ጀልባ ያወጣንበት ቦታ ለከርሞ ጭቃ ወይም ዳገት ሊሆን ይችላል። ልማድ ብቻውን አይበቃንም የምለው ለዚህ ነው።

ከነሞተሩ 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጀልባ በ10 ዲግሪ ዳገት ላይ፣ ሰበቃው ሳይታሰብ፣ 340 ኒውተን ያህል የመሳቢያ ጉልበት ይጠይቃል። 2 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት ያለው ወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ከያዘ ግን ሌላ 200 ኪሎ ግራም ይጨመርበታል። የገመዱ ውጥረት እጥፍ ሲሆን በውስጡ የሚታመቀው ኢነርጂ ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። ገመዱ ቢበጠስ ይህ ሁሉ በቅጽበት ይለቀቃል።

ከዚህ ተነሥተን ቅደም ተከተሉን እናስቀምጥ። የመኪናው የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ። በጀልባው ውስጥ ያለው ውኃ ተጨልፎ ይውጣ። ተሳቢው ጀልባው ተንሳፎ እስኪደርስበት ድረስ ወደ ውኃው ይግባ፤ ጎማን በድንጋይ ላይ መጎተት ሰበቃውን ያበዛል፣ ጀልባውንም ይቀዳል። መንጠቆው በመሸከሚያ እጀታው ላይ ሳይሆን በአፍንጫው ላይ ባለው የመጎተቻ ቀለበት ይግባ። በገመዱ አቅጣጫ ማንም አይቁም። የዊንቹ ማቆሚያ ምላስ ጥርሱን መያዙ ሳይረጋገጥ እጀታው አይለቀቅ፤ ወደ ኋላ የሚሽከረከር እጀታ ክንድ ይሰብራልና።

በመጨረሻም ዊንች መሳቢያ እንጂ ማሰሪያ አይደለም፤ ጀልባው ለብቻው በቀበቶ ሳይታሰር መንገድ አይጀመር። ናሙና ሊቀዳ የወጣ ተማሪ በጤና መመለሱ ከናሙናው ይቀድማል።