ሕጉ በዝርዝሩ ያልጠራቸው

መርካቶን የሚያውቅ አንባቢ ጩኸቷንም ያውቃል። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከአንዋር መስጊድ ድምፅ ማጉያ በታች ነጋዴው ዋጋውን ይጣራል፤ ተሸካሚው መንገድ ልቀቁ ይላል፤ ስድቡም አብሮ ይወረወራል።

አንድ ቅዳሜ በምናለሽ ተራ በኩል ሳልፍ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ «ይኸ በቲክቶክ ያየነው ነው!» ሲል ወደ አንድ ወጣት ጠቆመ። ያስከተለውን ስድብ በጽሕፈት አላሰፍረውም። ሰው ለመሰብሰብ ደቂቃ አልፈጀበትም። አንድ አዛውንት ነጋዴ፣ «ዳኛ መቼ ሆናችሁ?» ብለው ወጣቱን ወደ ሱቃቸው ጎትተው በሩን ዘጉ።

ሰኞ ነገሩን ለተማሪዎቼ አነሣሁ። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ ደግሞ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። «እንግዲያው ጎረምሳው ወንጀለኛ ነው?» አለ አንዱ። አዋጁ የሚጠራው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳተኝነትን ነው። ግብረ ሰዶማውያን የሚባሉት በዝርዝሩ በስም የሉም። እንዲያውም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል ይለዋል።

በነሐሴ 2015 የአዲስ አበባ የጸጥታ ባለሥልጣኖች ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎች ላይ እርምጃ መውሰዳቸውን ገለጹ። በዚያው ሰሞን በቲክቶክ የሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እየወጣ፣ ይገረፉ፣ ይወጉ የሚሉ ነበሩ። ይህን ሐሳብን መግለጽ ነው የሚለኝ ካለ አልስማማም፤ አንቀጽ 629 ራሱ ፍርዱን ለዳኛ እንጂ ለመንገደኛ አልሰጠም።

ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ግን፣ «ቲቸር፣ ዝርዝሩ ከሰፋ ቄሱም ሼሁም ዝም ሊባሉ ነው» አለ። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና አዋጁ አስቀድሞ የሃይማኖት ትምህርትን፣ ጥናትንና ኪነ ጥበብን ነፃ አድርጓል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የወጣው የእንግሊዝ ሕግም በእነዚህ ሰዎች ላይ በዛቻ ቃል ጥላቻ ማነሣሣትን ሲከለክል፣ ድርጊቱን መንቀፍ ብቻውን እንደ ዛቻ እንደማይቆጠር ጽፏል። መንቀፍና «ያዙት!» ማለት በመርካቶ እንኳ አይምታቱም።

ደወሉ ሲደወል አንዲት ተማሪ፣ ልጁ ከሱቁ መቼ እንደ ወጣ ጠየቀችኝ። እኔ ስሄድ በሩ ገና ዝግ ነበር።