በገበያ ሰዓት በገጠር መንገድ በብስክሌት ስለ መሄድ

መንገድ ለአገር ልማት ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን የመንገድ ጥቅም የሚፈጸመው በእርሱ ላይ የወጣ ሰው በደኅና ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራ ሲሆን፣ ለጋይንት ሕዝብ ትልቅ በር ከፍቶለታል። የእስቴና የስማዳ ሕዝብም በየራሱ መንገድ ይገበያያል።

በትልልቅ ከተሞች መንገድ የሚጨናነቀው በየቀኑ ጧትና ማታ ነው። በገጠር ግን የመጨናነቂያው ሰዓት የገበያ ቀን ጧትና የገበያ መፍቻ ነው። በዚያን ጊዜ አህያ የጫነ ገበሬ፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ አውቶቡስና የጭነት መኪና በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ብስክሌት ነጂውም በመካከላቸው ይገኛል። እርሱ ከእግረኛ ይልቅ ፈጣን፣ ከመኪና ይልቅ ዘገምተኛ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ሲያልፍ በሌላው ይታለፋል። እግረኛውን ወይም አህያውን ለማለፍ ወደ መሀል በወጣበት ቅጽበት መኪናው ከኋላው የደረሰ እንደ ሆነ አደጋው የማይቀር ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ነጂው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ይህን ርቀት ይጨርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይልቁንም ቁመቱ ከ4000 ሜትር በሚበልጠው በጉና ተራራ አካባቢ ጉም በሚወርድበት ጊዜ፣ ቁልቁለቱም ብስክሌቱን ራሱን በሚያስፈጥነው ስፍራ፣ ጥንቃቄው እጅግ ሊበዛ ይገባል።

ብስክሌትን እንደ ልጅ መጫወቻ የሚንቅ ሰው ቢኖር፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደምቦባና ጓደኞቹ ስለ ኢትዮጵያ በብስክሌት መወዳደራቸውን ያስታውስ። ብስክሌት ነጂም የመንገዱ ባለ መብት ነው።

አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የምትነዳው በቀኝ ነው። እንግዲህ ብስክሌት ነጂ ቀኙን ይያዝ፤ ከጓደኛው ጋር ጎን ለጎን አይሂድ፤ ወደ መሀል ከመውጣቱ በፊት ወደ ኋላው ይመልከት፤ ቁልቁለት ሳይጀምር ፍሬኑን ይፈትን፤ ሲመሽም ከፊቱ መብራት፣ ከኋላው ቀይ ምልክት ያድርግ። እግረኛ በግራ በኩል ሆኖ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ ይሂድ። የመኪና ነጂ ግን ከሁሉ ይልቅ ኃላፊነት አለበት፤ ክብደቱና ፍጥነቱ በእርሱ እጅ ነውና። ከብስክሌት ኋላ ሲደርስ ጥሩምባ በመንፋት ብቻ ሳይወሰን ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ሰፊ ቦታ ትቶም ይለፍ።

የወረዳ ሹማምንትም ገበያው ከመንገዱ ዳር ራቅ ብሎ እንዲቆም፣ የመንገዱ ትከሻ ከድንጋይና ከሸቀጥ ተጠርጎ ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲተው፣ በገበያ ቀንም ትራፊክ ፖሊስ በመግቢያው እንዲገኝ ቢያደርጉ፣ ሥራው ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ ብዙ ነፍስ ያድናል። ካህናትም ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ በሚናገሩበት ጊዜ ይህን ቢያሳስቡ ቃላቸው ከማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል፤ በመንገድ ለሞተ ወጣት ፍትሐት ከማድረስ ሕያው ሳለ መምከር ይሻላልና።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።