የመርፌው ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ሚያዝያ ድረስ 5 ዶላር ስከፍልበት የነበረውን መርፌ፣ ግንቦት ላይ የፋርማሲዋ ልጅ «የእርስዎ ድርሻ 1,900 ዶላር ነው» አለችኝ። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ስንቱን ባለሥልጣን በጥያቄ ያፋጠጥኩ ሰው፣ ለራሴ ሲሆን አንደበቴ ተሳሰረ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ፍሪጅ ውስጥ የቀሩኝን የሁሚራ መርፌዎች፣ በየሁለት ሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በወር አንድ እየወጋሁ ማብቃቃት ጀመርኩ። ሰኔ ሲያልቅ ጣቶቼ አብጠው የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቀሪውን ድርሻዬን ይከፍልልኝ የነበረው አምራቹ ኩባንያ የሰጠኝ የኮፔይ ካርድ ነበር። ኢንሹራንሱ ታዲያ የካርዱን ገንዘብ ይቀበላል እንጂ ከዲዳክቲብሌ አይቆጥርልኝም። ካርዱ ሲሟጠጥ ከዜሮ ጀማሪ ሆንኩ። ይህን አሠራር «አኪዩሙሌተር» ይሉታል፤ እኔ ከአንድ ማዕድ ሁለት ጊዜ መብላት እለዋለሁ። አንዳንድ ስቴቶች በሕግ ከልክለውታል፤ ሆኖም አሠሪው ራሱ የሕክምናውን ወጪ በሚችልበት ኢንሹራንስ ላይ የስቴት ሕግ አይደርስም። እንግዲህ ዓመቱ ሳይጀምር ደውሎ «የካርዱ ገንዘብ ከዲዳክቲብሌ ይቆጠራል ወይ?» ማለት ነው።

ባዮሎጂክ የሚባሉት እነዚህ መድኃኒቶች በኬሚካል ቅመማ ሳይሆን ከሕያው ህዋስ የሚመረቱ ናቸው። የተወደዱት ግን በአመራረታቸው ብቻ አይደለም። ሁሚራ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2002 መጨረሻ ነው። ባዮሲሚላር የሚባሉት ተመሳሳዮቹ አውሮፓ ገበያ የገቡት በጥቅምት 2018 ሲሆን፣ አሜሪካ ግን በፓተንት ክምርና በኩባንያዎች ስምምነት ተይዘው በጥር 2023 ደረሱ። በዚያ ዓመት የሁለት ሁሚራ መርፌ የዝርዝር ዋጋ 7,000 ዶላር ሲጠጋ፣ ዩሲምሪ የተባለው ተመሳሳይ በአንድ የቅናሽ ፋርማሲ ከ600 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሐኪሜ ጣቶቼን አይታ ክፉኛ ተቆጣች። ነርሷ ስልኩን አንስታ ስትጠይቅ፣ ለካ ኢንሹራንሴ አንዱን ባዮሲሚላር ያለ ዲዳክቲብል በ60 ዶላር ኮፔይ ያስተናግድ ኖሯል! የነገረኝ አልነበረም። በ12ኛው ቀን መርፌው ደጄ ደረሰ።

ሜዲኬር ላላቸው ወገኖች የኮፔይ ካርዱን ሕጉ ይከለክላል። በምትኩ የ2022ቱ ሕግ በፓርት ዲ ለሚሸፈን መድኃኒት ከኪስ የሚወጣውን በ2025 በ2,000፣ በ2026 በ2,100 ዶላር ገድቦታል፤ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈልም ይቻላል። ክሊኒክ ተቀምጠው በደም ሥር የሚወስዱት ግን አብዛኛውን ጊዜ በፓርት ቢ ስለሚታሰብ ይህ ገደብ አያድነውም። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ደግሞ «ኤክስትራ ሄልፕ» የሚባለውን ድጎማ ከሶሻል ሴኩሪቲ መጠየቅ ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው አንዲት እናት ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ ልመና አይሆንብኝም?» አሉኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ታክስ የከፈሉ ሰው ናቸው! ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብለን ቅጹን ሞላን፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።