ሱቁ አንድ፣ ፈቃዱ ሦስት

በጎብዬ ከተማ በአንድ የእህል መደብር ግድግዳ የተሰቀሉ ሦስት የንግድ ፈቃዶች አይቼ ባለቤቱን አዛውንት ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሱቁ አንድ ነው፤ በስም ግን የኔም፣ የባለቤቴም፣ የወንድሜ ልጅም ነው» ያሉኝ ቃል አላስተኛኝ ብሎ፣ ግብርን ሕግ ሳይጥሱ የመቀነስ ጥበብ ከወዴት እንደሚመነጭ ወደ መመርመር መራኝ።

ሐዋርያው ማቴዎስ ከቀራጭነት ወንበሩ ከመነሣቱ አስቀድሞም ግብርና ምሬት አልተለያዩም። በ1935 ዓ.ም. ራያ አዘቦንና ትግራይን ባናወጠው ዐመፅ ውስጥ የግብርና የሹማምንት በደል አንዱ ምክንያት ነበረ፤ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ በእርሻ ገቢ ላይ የተጣለው ግብር የጎጃምን ባላገር አስነሥቷል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የአነስተኛ ነጋዴዎች የዕለት ገቢ ግምት በተነገረ ጊዜም በአምቦና በወሊሶ ሱቆች ተዘግተዋል።

ያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው ዐዋጅ ቁጥር 979/2008 ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነውን ግለሰብ ነጋዴ በደረጃ «ሐ» አስቀምጦ በግምት ሲያስከፍለው፣ ኩባንያን ግን ትንሽም ቢሆን በደረጃ «ሀ» መድቦ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድደው ነበርና፣ ታናሹ ንግዱን በዘመድ ስም ይከፋፍል ነበር፤ ታላቁ ደግሞ የግለሰብ ትርፍ እስከ 35 በመቶ፣ የኩባንያ ግን 30 በመቶ ብቻ እንደሚከፈልበት አስልቶ ኩባንያ ያቋቁምና፣ የትርፍ ድርሻ ሲከፋፈል የሚመጣውን ተጨማሪ 10 በመቶ ለማስቀረት ትርፉን በካፒታልነት ያስመዘግብ ነበር። ወለድ ከትርፍ ተቀናሽ ስለሆነም፣ በውጭ ሰዎች ቁጥጥር ሥር ያለ ኩባንያ ከካፒታሉ እጥፍ በላይ በሆነ ብድር ትርፉን እንዳያሟሽሽ ይኸው ዐዋጅ ገደብ አበጅቶ ነበር። በኢንዱስትሪ ፓርክ የገባ አምራች ግን የግብር እፎይታውን ከመንግሥት እጅ ይቀበል ነበር፤ ብልኀት አላሻውም።

አዛውንቱ ግን ንግድን የመከፋፈሉ ምክንያት ስግብግብነት ነው ሲባል አይቀበሉም። «መዝገብ ብይዝም በግምት፣ ባልይዝም በግምት! ታዲያ ለሒሳብ ሠራተኛ ደሞዝ የምከፍለው ለጽድቅ ነው? ኪሳራ ባሳይ ‹አንተማ አትከስርም› ይሉኛል፤ የማይከስር ሰው ያለ ይመስል!» እውነት አላቸው እላለሁ፤ መዝገቡ ካልታመነ እውነተኛውን የሚጽፍ አይገኝም። ይህንኑ ያቀረብኩላቸው አንድ የገቢ ሹም ግን «መመሪያ አለ» ከማለት በቀር መመሪያውን ሊያሳዩኝም፣ ስማቸው እንዲጠቀስ ሊፈቅዱም አልወደዱም።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ ዐዋጅ ቁጥር 1395፣ ደረጃ «ሐ»ን ሰርዞ፣ ትርፉ እጅግ ያነሰ ድርጅትም ከሽያጩ 2.5 በመቶ ያላነሰ እንዲከፍል ደንግጓል። ከ1,000 ብር ሽያጭ 40 ብር ለሚያተርፍ የእህል ድርጅት በ30 በመቶው ስሌት 12 ብር የነበረው ግብር 25 ብር ይሆናል። በዚህም የተነሣ አዛውንቱ ኩባንያ ለማቋቋም የነበራቸውን ሐሳብ ትተዋል።