ደላላው ለምንድነው ከቢሮው ቀድሞ የሚደርሰው?

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። በዚህ መንገድ ቡናም ያልፋል፣ ሰውም ያልፋል። ከሞያሌ ወዲያ ኬንያን፣ ታንዛኒያን እያቋረጠ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚዘልቅ የስደት መስመር አለ።

ብዙ ጊዜ «ደላላ ወጣቱን አታለለው» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን እንጠይቅ፦ ለምን ይታመናል?

ሥራ ፈላጊ ከቢሮ የሚጠብቀውን እሱ ስለሚሰጥ ነው። መረጃ አለው፣ ስልክ ያነሳል፣ «ነገ ተመለስ» አይልም። ባንክ ማስያዣ ሲጠይቅ እሱ «ስትደርስ ትከፍላለህ» ይላል።

አንድ ማሳያ እንይ። መንግሥት ዜጎችን ከጉዳት ለመጠበቅ ብሎ በ2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን አገደ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ሥራ አጥነቱ ግን አልታገደም። ሕጋዊ ኤጀንሲዎች ሥራ ሲያቆሙ ገበያው ለሕገወጡ ብቻ ተለቀቀ።

ደላላ ሲባል ደግሞ አንድ ሰው አይምሰላችሁ። ሰፈር ውስጥ የሚመለምል አለ፣ የሚያጓጉዝ አለ፣ ድንበር የሚያሻግር አለ፣ ብር የሚቀበል አለ። እናንተ የምታውቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። መንገድ ላይ ታግታችሁ ቤተሰብ ገንዘብ ላክ ሲባል፣ እሱ «እኔ የለሁበትም» ይላል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ቢሮ ቢያንገላታችሁ አቤት የምትሉበት አለ። እዚህ ግን ተጠያቂ የለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ። በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ።

አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድንና ሰው ማሻገርን ይቀጣል። ግን አንድ መልማይ ቢታሰር፣ ክፍተቱ እስካለ ድረስ ሌላው ቦታውን ይይዛል።

እስከዚያው ይህን ያዙ፦ ሕጋዊ የውጭ ሥራ ስምሪት ያለው ኢትዮጵያ ስምምነት ወደፈረመችባቸው አገሮች ነው። በአዋጅ 923/2008 መሠረት የቪዛና የትኬት ወጪ የአሠሪው ነው፤ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ የእናንተ። ለቪዛና ለትኬት ብር አምጡ የሚላችሁ ካለ፣ ፈቃዱን አሳየን በሉት።

ለመሄድ ለሚያስብ ጓደኛችሁ አድርሱት።